ሙሉዋን ደቂቃ የምትሰጥ ሰዓት

ሰዓት በሰው ክንድ ላይ ታስሮ ሲታይ ለብዙዎች ጌጥ፣ ለአንዳንዶችም የማዕርግና የሀብት ምልክት ሆኖ የኖረ ዕቃ ነው፤ ዕድሜዋን በሕሙማን አልጋ አጠገብ ለምታሳልፍ ነርስ ግን ከመርፌና ከሙቀት መለኪያ ተርታ የሚገባ የሥራ መሣሪያ ነውና፣ እንዴት ያለችውን ሰዓት ልግዛ ብላ ስትጠይቅ፣ አደራ የተሰጣትን ነፍስ በምን ዐይነት ትጋት ልጠብቅ ብላ እንደ ጠየቀች እቈጥረዋለሁ። ሥራውን ከተውሁት ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ወጣት ነርሶች ባገኘሁ ቍጥር ዓይኔ አስቀድሞ ወደ ክንዳቸው ይሄዳል፤ ያሰሩት ሰዓት ለተመልካች ዓይን የተመረጠ ይሁን ወይስ ለድውዩ ጥቅም፣ በአንድ እይታ ይገለጥልኛል።

ይህን ማስተዋል ያገኘሁት በጎንደር ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና በአሜሪካ መንግሥት ረዳትነት በ1947 ዓ.ም. በዚያች ጥንታዊት ከተማ የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ አቋቁሞ፣ ጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን እያስተማረ፣ ሦስቱም በአንድ ጤና ጣቢያ ተባብረው እንዲያገለግሉ ወደየአውራጃው ይልክ ነበር። እኔ የገባሁት ኮሌጁ ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ ነው። በዚያ ዘመን የነርስነትን ሙያ ለእኛ ለሴቶች ልጆች ያስከበረልን የልዕልት ፀሐይ ስም ነበር፤ እኒያ የንጉሠ ነገሥት ልጅ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው የተመረቁ፣ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. በነቀምት በወጣትነታቸው ያረፉ ነበሩና፣ የንጉሥ ልጅ የታመመ ሕፃን ማጠብን ካልተጸየፉ እኛ የምንጸየፈው በምን ክብራችን ነው እያልን እንበረታታ ነበር።

የመጀመሪያውን ትምህርት በክፍል ውስጥ ፈጽመን ወደ ሕሙማን ክፍል ልንገባ ስንል፣ መምህራችን እያንዳንዳችን የእጅ ሰዓት እንድናዘጋጅ አዘዙን። ትእዛዛቸውም አጭር ነበር፤ «ገጿ ነጭ፣ ዐሥራ ሁለቱም ቍጥሮች በጉልህ የተጻፉባት፣ የሴኮንድ ቈጣሪዋም ከመካከል ተነሥቶ ገጹን ሁሉ የሚዞር ይሁን፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም» አሉን።

አባቴ በከተማይቱ ካሉት አድባራት በአንዱ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ጊዜን የሚያውቁት አበቅቴንና መጥቅዕን ቀምረው በዓላትንና አጽዋማትን በማውጣት ነበር፤ የቀኑንም ሰዓት ቢሆን፣ በጾም ወራት የቅዳሴው መግቢያ መድረሱን ለመለየት በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በጫማቸው እየሰፈሩ ለካህናቱ ሲናገሩ በልጅነቴ አይቻለሁ። እኒህ ሰው ለእጅ ሰዓት መግዣ ገንዘብ ብጠይቃቸው ከንቱ ውዳሴ የፈለግሁ መስሏቸው ይቈጡኛል ብዬ ስፈራ፣ መምህራችን ያዘዙትን ሰምተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ሴኮንዱ ምን ያደርግላችኋል?» ብለው ጠየቁኝ። የበሽተኛው የደም ሥር በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ለመቍጠር መሆኑን በነገርኋቸው ጊዜ ግን ፊታቸው በርቶ «እንግዲያውስ አብሬሽ እወርዳለሁ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር ብቻሽን አትሄጂም» አሉኝ።

በማግሥቱ ወደ ፒያሳ ወርደን፣ ጣልያን ከሠራቸው ሕንፃዎች ሥር ወዳለ የአንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ ገባን፤ ነጋዴውም አባቴን «የኔታ» እያለ በክብር ተቀብሎ ሦስት ሰዓቶች አቀረበልን። ፊተኛዪቱ በወርቅ የተለበጠች ትንሽ የሴቶች ሰዓት ስትሆን፣ በቍጥር ፈንታ ነጠብጣብ ብቻ የተደረገባት፣ የሴኮንድ ቈጣሪም የሌላት ነበረችና፣ መልኳ ቢያምርም ለእኔ ሥራ ዲዳ ነበረች። ሁለተኛዪቱ ደኅና መጠን ነበራት፤ ነገር ግን የሴኮንድ ቈጣሪዋ ከ6 ቍጥር ከፍ ብላ በተሠራች ትንሽ ክብ ውስጥ ለብቻው የሚዞር ስለ ነበረ፣ በቀን ብርሃን በቅርብ ካላዩት የሚለይ አልነበረም። ሦስተኛዪቱ ጌጥ የሌላት የብረት ሰዓት ነበረች፤ በነጭ ገጿ ላይ ጥቋቍር ቍጥሮች ተጽፈውባት፣ ቀጭን ረጅም የሴኮንድ ቈጣሪ ከእንብርቷ ተነሥቶ ጠርዟን እየነካ ይዞር ነበር። ነጋዴው «ይህች የወንድ ናት፤ ለልጅቱ ያችኛዪቱን ይግዙላት» ቢላቸው፣ አባቴ ብረቷን ሰዓት አንሥተው በጆሯቸው ካዳመጧት በኋላ «ልጄ የምትሄደው ድውይ ልትጠብቅ ነው፤ ድውይ የወርቁን ብልጭታ ምን ያደርገዋል?» ብለው ዋጋዋን ከፈሉ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ በመንገድ የነገሩኝ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቡናዬ አልጠፋም። በባሕረ ሐሳብ ሥርዐት አንዲት ዕለት በ60 ኬክሮስ ትከፈላለች፤ ኬክሮስም በ60 ካልዒት፣ ካልዒትም በ60 ሣልሲት እየተከፈለች ቍጥሩ እስከ ሳድሲት ይወርዳል። በዛሬው መስፈሪያ ቢተመን አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ አንዲት ካልዒት 24 ሴኮንድ ስትሆን፣ ሣልሲት ከሴኮንድ እኩሌታ ታንሳለች። አባቴም ይህን አስልተው «እኔ ዕድሜዬን ሁሉ ስለ ካልዒት ሳስተምር አንዲቱን እንኳ በዓይኔ አይቻት አላውቅም፤ አንቺ ግን በሰው ክንድ ላይ በጣትሽ እየዳሰስሽ ልትቈጥሪያት ነው፤ ይህ ታላቅ ነገር ነውና በሐኬት እንዳትይዢው» አሉኝ።

ብዙ ዘመን ቈይቶ የሕክምናን ታሪክ ሳነብ፣ የደም ሥርን ትርታ በሰዓት መለካት የተጀመረው በእስክንድርያ መሆኑን አገኘሁ፤ ከልደተ ክርስቶስ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ አስቀድሞ በዚያች ከተማ ይኖር የነበረው ሄሮፊሎስ የተባለው ባለ መድኃኒት፣ ውሃ እያንጠባጠበ ጊዜን በሚሰፍር ሰዓት የሕሙማኑን ትርታ ይለካ ነበር። አባቴ የሚያስተምሩት የባሕረ ሐሳብ ቀመርም በአበው ትውፊት የእስክንድርያ ዐሥራ ሁለተኛው ሊቀ ጳጳሳት የድሜጥሮስ ድርሰት ነውና፣ የበዓላቱ ስሌትና የትርታው ስሌት ከአንዲት ከተማ መውጣታቸውን በነገርኋቸው ጊዜ በአንክሮ አደመጡኝ። ከሄሮፊሎስ በኋላ ግን ይህ ጥበብ የሚያስተማምን መሣሪያ እስኪያገኝ እጅግ ዘግይቷል፤ ጆን ፍሎየር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ለትርታ መቍጠሪያ ብቻ የምትሆን፣ በትክክል ለአንድ ደቂቃ የምትሄድ ሰዓት አሠርቶ ስለ እርስዋም መጽሐፍ ያሳተመው በ1707 እ.ኤ.አ. ነበር። ነርሶች በኪሳችንና በክንዳችን የምንይዛት ሰዓት እንግዲህ የዚያች ሰዓት ወራሽ ናት።

ሰዓቷን ይዤ ወደ ሕሙማን ክፍል በገባሁ ጊዜ መምህራችን ለምን ያን ያህል እንደ ተጠነቀቁ በሥራው ውስጥ ተረዳሁ። ትርታ የሚቈጠረው በአውራ ጣት አይደለም፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታልና፣ ሦስቱን መካከለኛ ጣቶች በበሽተኛው አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ በታች አሳርፎ ማዳመጥ ይገባል። የጕልማሳ ሰው ልብ በዕረፍት ሳለ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ትንፋሹም ከ12 እስከ 20 ነው። ትንፋሹን ስንቈጥር ግን በሽተኛው እንዲያውቅብን አይገባም፤ መቈጠሩን ያወቀ ሰው ሳያስበው አተነፋፈሱን ይለውጣልና። ስለዚህ ትርታውን ቈጥረን ከጨረስን በኋላ ጣታችንን ከአንጓው ሳናነሣ፣ አሁንም ትርታ የምንቈጥር መስለን ዓይናችንን ወደ ደረቱ እናዞራለን። በዚህ ጊዜ የነርሷ ጣት ትርታ ያዳምጣል፣ ልቧ ቍጥር ይይዛል፣ ዓይኗም የበሽተኛውን ፊትና ደረት ይከታተላል፤ ለሰዓቷ የሚተርፈው ከዓይን ጠርዝ የምትወረወር ቅንጣት እይታ ብቻ ናት። ገጹን ሁሉ የሚዞር ረጅም ቈጣሪ ለዚች ቅንጣት እይታ ይበቃል፤ በትንሽ ክብ የሚሸሸግ ቈጣሪ ግን ዓይንን ከድውዩ ነጥቆ ይወስዳል።

በደጋው አገር በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት በብዛት ይታይ ነበር። ለዚህ ሕመም ፔኒሲሊን ከተወጋ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሽተኛውን ብርቱ ብርድ ብርድ ያንቀጠቅጠዋል፤ ሙቀቱም ትርታውም ይጨምራሉ፤ ቀጥሎም ላብ ያጠምቀውና የደሙ ግፊት ይወርዳል። ለመዳን የተሰጠው መድኃኒት ራሱ ይህን ፈተና ስለሚያመጣ፣ ቤተ ሰቡ መርፌው ጐዳው ብለው ሲደነግጡ፣ ነርሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትርታውን ደጋግማ በመቍጠር ብርድ ብርዱ የሚጠበቀው ይሁን ወይም ከልክ አልፎ ሐኪም የሚያስጠራ ይሁን መለየት ነበረባት። በእንዲህ ያለው ሌሊት አንድ ቍጥር ለብቻው ምንም አይናገርም፤ ከቀድሞው ቍጥር ጋር ሲነጻጸር ግን ይናገራል፤ ስለዚህ ቈጠራው ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት ጥንቃቄ መፈጸም አለበት።

ግሉኮስ በደም ሥር ሲሰጥም ሥራው የሰዓት ሥራ ነበር። አንድ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ቢታዘዝ፣ የቱቦው 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር የሚሞላ ከሆነ፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ተከፍሎ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል ይደርሰዋል፤ ነርሷም ሰዓቷን ከጠርሙሱ ሥር አቅርባ ጠብታውንና ቈጣሪውን በአንድነት እያየች ማጥበቂያውን ታስተካክላለች። በማዋለጃ ክፍልም ምጡ በየስንት ደቂቃው እንደሚመጣና ስንት ሴኮንድ እንደሚቈይ፣ የጽንሱም ልብ ከምጡ በኋላ ወደ ልኩ መመለሱን የምንከታተለው በዚያችው ሰዓት ነው። ቨርጂኒያ አፕጋር የተባሉት አሜሪካዊት ሐኪም በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥርዐት መሠረትም፣ የተወለደው ሕፃን ቀለሙ፣ የልቡ ትርታ፣ ለንክኪ የሚሰጠው ምላሽ፣ የጡንቻው ብርታትና ትንፋሹ ታይቶ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ይህ ዛሬ በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ ይፈጸማልና፣ ለዚህች ዓለም አዲስ የሆነው ሰው የመጀመሪያ ፈተናውን የሚቀበለው በነርሷ ሰዓት ነው ማለት ይቻላል።

ዐሥራ ሁለቱ ቍጥሮች ሁሉ ይጻፉ የተባለበትን ምክንያት ያስተማረኝ ደግሞ የሁለቱ አቈጣጠሮች ነገር ነው። የሐኪሙ ትእዛዝ በፈረንጅ ሰዓት ይጻፍ ነበር፤ በሽተኛውና አስታማሚው ግን ቀኑን ከንጋት ጀምረው ይቈጥራሉ። የሁለቱ ልዩነት 6 ሰዓት ስለ ሆነ፣ በፈረንጅ ሰዓት በተሞላች ሰዓት ላይ የአገራችንን ሰዓት ለማወቅ የሰዓት ቈጣሪው ከሚያመለክተው ቍጥር ትይዩ ያለውን ማንበብ ይበቃል፤ በፈረንጅ ጧት 7 ሲሆን ትይዩው 1 ነውና። በነጠብጣብ ገጽ ላይ ይህን በጥድፊያ ማንበብ ለስሕተት ያጋልጣል፤ ቍጥር በተጻፈበት ግን ትይዩውን ዓይን ያለ ድካም ያገኘዋል። በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ በ12 እና በ6 ሲመደብ በሁለቱም አቈጣጠር ከነዚያው ሁለት ቍጥሮች አይወጣም፤ ጊዜያቱም የጸሎት ጊዜያት የሆኑት ነግህ፣ ቀትር፣ ሠርክና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ይህን ካስተዋልሁ ወዲህ ሰዓት ለሌላቸው እናቶች የልጃቸውን መድኃኒት ስሰጥ በእነዚህ ጊዜያት እየለየሁ እነግራቸው ነበር፤ እነርሱም ከቶ አይረሱትም ነበር።

ስለ ማሰሪያው ጥቂት ልናገር ይገባኛል። የቆዳ ማሰሪያ ላብና ደም ይመጥጣል፤ ታጥቦም አይጠራም፤ ስለዚህ ለነርስ አይስማማትም። በክንድ የታሰረ ነገር ሁሉ ሥሩ ሳይታጠብ ስለሚቀር ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ደዌ ሊያሻግር ይችላልና፣ ለቀዶ ሕክምና እጅ ሲታጠብ ሰዓትና ቀለበት እንዲወልቁ የዓለም ጤና ድርጅት አዝዟል። እኛ በጎንደር ሳለን ማሰሪያውን ፈትተን ሰዓቷን በመርፌ ቁልፍ ከደረታችን ላይ እንሰካት ነበር፤ በለንደን ነርስ ሆና የምትሠራው የእኅቴ ልጅም፣ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከክርን በታች ምንም እንዳይታሰር በመወሰኑ፣ እርስዋም ባልደረቦችዋም ወደ ታች ተገልብጣ ከደረት የምትንጠለጠል ሰዓት እንደሚይዙ ነግራኛለች። ለሌሊት ተራ ደግሞ ቈጣሪዎቹ በጨለማ የሚያበሩ ቢሆኑ መልካም ነው። በቀድሞ ዘመን ይህ ብርሃን የሚገኘው ከራዲየም ነበር፤ በኒው ጀርሲ በምትገኘው በኦሬንጅ ከተማ የሰዓት ገጽ የሚቀቡ ወጣት ሴቶች ብሩሻቸውን በከንፈራቸው እያሾሉ በመሥራታቸው በዚህ ጨረር ተመርዘው ብዙዎቹ ሞተዋልና፣ ዛሬ የሚቀባው ቀለም ከዚህ ጕዳት ነጻ መሆኑን ሳስብ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሰዓት ዐይነት በዝቷል። የጃፓኑ የሴይኮ ኩባንያ በ1969 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ በኋላ፣ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ የድንጋይ ስንጣሪ የሚመሩ ሰዓቶች ዓለምን ሞሉት፤ ትክክለኛነታቸውም ከሚሞሉት ሰዓቶች እጅግ በለጠ። ነገር ግን ይህ ብልጫ ለትርታ ቈጠራ የሚጨምረው ነገር እምብዛም ነው፤ በቀን አንድ ሙሉ ደቂቃ የምትዘገይ ሰዓት እንኳ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ የምትስተው ከሴኮንድ ሃያኛ እጅ ያነሰ ነውና። ቍጥር ብቻ የሚጽፉት ሰዓቶችም ቀላሎች፣ ርካሾችና ለመታጠብ የተመቹ ናቸው፤ ሆኖም ነርሷ በልቧ የትርታውን ቍጥር ይዛ ሳለች በዓይኗ ሌላ ቍጥር ታነብ ዘንድ ያስገድዷታልና ሁለቱ ቍጥሮች ይጋጩባታል። የሚዞረው ቈጣሪ ግን ምንም አያስነብባትም፤ ከላይ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲመለስ ደቂቃዋ ሞላች።

በሥራዬ ዘመን ሁሉ እጅግ የተቃወምሁት ልማድ ለ15 ሴኮንድ ቈጥሮ በ4 ማብዛት ነው። ልቡ በሥርዐት ለሚመታ ጕልማሳ ይህ ሊፈቀድ ይችል ይሆናል፤ ትርታው ለሚያዛንፍ ሰውና ለሕፃን ግን አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ባስተማረው መሠረት ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለው ሳል የያዘው ሕፃን በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ይጠረጠርበታል። አሁን ይህን ሕፃን ለ15 ሴኮንድ ቈጥራችሁ 12 ብታገኙ ውጤቱ 48 ነው፤ 13 ብታገኙ 52 ነው፤ ፍርዱ የሚቆምበት 50 በሁለቱ መካከል ስለ ተሸሸገ፣ አንዲት ትንፋሽ በመሳት ብቻ መድኃኒት የሚያስፈልገውን ልጅ ደኅና ነው ብላችሁ ወደ ቤቱ ትሰዱታላችሁ። በአገራችን አቈጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ያሰማራቸው ወጣት ሴቶች የልጁን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ እንዲቈጥሩ መታዘዛቸውም ስለዚህ ነው። ልጁ እያለቀሰ ከሆነ እስኪረጋጋ ይጠብቃሉ፤ ልብሱንም ከደረቱ ገልጠው ከመጀመሪያው ይቈጥራሉ።

ሙሉዋ ደቂቃ ቍጥሩን ከማጥራት ሌላ ትሩፋት አላት። ነርሷ እጁን ይዛ ዝም ብላ በምትቆምበት በዚያች ደቂቃ ውስጥ በሽተኛው ቆዳው መቀዝቀዙን ወይም ማተኰሱን፣ ከንፈሩ መጥቈሩን፣ ላቡን፣ ፍርሃቱንም ሳይናገር ይነግራታል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ለሐኪሙ ያልገለጠውን ነገር ለእርስዋ ይገልጥላታል። የበጎ ሰዓት ዋጋዋም ይህች ደቂቃ ሳትሸራረፍ ለድውዩ እንድትደርስ ማድረጓ ነው። ስለዚህ ሰዓት ለመግዛት የምትወጡ ወጣቶች፣ ሰዓቷን ሱቁ ውስጥ ደብዘዝ ባለው ሥፍራ ያዟትና ጓደኛችሁን አቁማችሁ ትርታዋን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቍጠሩ፤ በዚያም ጊዜ ዓይናችሁ ከጓደኛችሁ ፊት ሳይለይ ቈጠራው ከተፈጸመ፣ ያቺ ሰዓት ዋጋዋ ርካሽ ቢሆንም ለሥራችሁ የተገባች ናትና ግዟት፤ ዓይናችሁ ቈጣሪውን ፍለጋ ደጋግሞ ወደ ሰዓቷ ከተመለሰ ግን፣ ወርቅም ብትሆን ለሌላ ተዉአት።